የሌጌዎኑ ጥሩር፦ ከትራያን ዓምድ እስከ ዳላስ

በዳላስ–ፎርት ዎርዝ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣቶች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የሮማ ወታደር ምን ለብሶ ይዋጋ እንደነበር በዳላስ ተሰብስቦ መነጋገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የምንነጋገረው ጉዳዩ የዚህ ከተማ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ልጆቻችን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚያዙትን የሮማ ወታደር ከቀረጹት እጆች መካከል ዋነኞቹ የሠሩት እዚሁ ነው። ቶኒ ጉድማንና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤንሴምብል ስቱዲዮስን በዳላስ አቋቋሙ። በ1997 በማይክሮሶፍት አሳታሚነት “ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ” የተባለውን የስትራቴጂ ጌም አወጡ። በዓመቱ ደግሞ ሮማን ዋና ባለታሪክ ያደረገውን “ዘ ራይዝ ኦፍ ሮም” የተሰኘ ማስፋፊያ አስከተሉ። ማይክሮሶፍት ድርጅቱን በ2001 ገዛው፤ በ2009 መጀመሪያ ላይ ዘጋው። ሠራተኞቹም በአካባቢው ተበትነው እንደ ፕላኖው ሮቦት ኢንተርቴይንመንት ያሉ አዳዲስ ድርጅቶችን መሠረቱ። ጌሙ ግን አልሞተም፤ እስከ ዛሬ እየታደሰ ይወጣል። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እነዚህ ጌሞች ስለ ሌጌዎኑ፣ ማለትም ስለ ሮማ እግረኛ ወታደር፣ ጥሩር የሚነግሩን እውነት ነው ወይ? ጥሩርና ራስ ቁር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እሱ ራሱ የሮማ ወታደሮች ይጠብቁት ስለነበር በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው። እኛ የምናየው በቅርስና በሥዕል ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገናል።

በ1997 ከወጣው ጌም አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ጌም ውስጥ ሮማውያን ጨርሶ አልነበሩም። ከአሥራ ሁለቱ ሕዝቦች መካከል ግብፃውያን፣ ግሪኮች፣ ባቢሎናውያን፣ ፋርሶች አሉ፤ ሮማ የለችም። ነገር ግን “ሌጌዎን” የሚባል ወታደር አለ። በሰይፍ የሚዋጋ እግረኛ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ የመጨረሻው ማዕረጉ ሌጌዎን መሆን ነው። ከሁሉም በላይ ጠንካራው ሌጌዎን ደግሞ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የቾሶን፣ ማለትም የጥንቷ ኮሪያ። ጌሙ ለቾሶን ሰይፈኞች ተጨማሪ ጉልበት ስለሰጣቸው፣ ሮማን በካርታ እንኳ የማያውቁ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ምርጥ የሮማ ወታደሮች ሆነው አረፉት።

ይህ የሆነው በስንፍና አይደለም። ከጌሙ ዋና ቀራጮች አንዱ ብሩስ ሼሊ፣ ቀደም ሲል ከሲድ ማየር ጋር “ሲቪላይዜሽን”ን የሠራ ሰው ነው። ሼሊ ስለ ሥራው ሲጽፍ አቋሙን በግልጽ አስቀምጧል፦ ለመዝናኛ የሚሠራ ሰው ጥልቅ ምርምር አያስፈልገውም፤ ተጫዋቹ ስለ ታሪክ የሚያውቀው ያንን ያህል ስለሆነ ጥሩው ምንጭ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ነው። ይህን አቋም አከብራለሁ። ተጫዋቹ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ጨዋታውም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል። ችግሩ ግን የልጆች መጽሐፍም ከአንድ ቦታ መቅዳቱ ነው። ከየት እንደሚቀዳ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ጌሞቹ የሠሩትን የጥሩር መሰላል እንይ። በ1997ቱ ጌም ወደ ማከማቻው ሄዳችሁ ምግብና ወርቅ ከፍላችሁ የእግረኛውን መከላከያ ታሻሽላላችሁ። መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ የቅርፊት ጥሩር፣ በመጨረሻ የቀለበት ጥሩር። በ1999 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ከቅርፊት ወደ ቀለበት፣ ከቀለበት ወደ ዝርግ ብረት ያሳድጋችኋል። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው የ2004ቱ “ሮም፦ ቶታል ዋር” በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል። የመጀመሪያው ሌጌዎን በቀለበት ጥሩር ይወጣል፤ የወታደር ካምፓችሁን ስታሳድጉ ደግሞ በዝርግ ብረት የተለበጠው የተሻለ ሌጌዎን ይመጣል። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ መከላከያ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መሰላል ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ይሽራል፤ በዳላሶቹ ጌሞች ደግሞ ሠራዊቱ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ይለውጣል።

እውነተኛው የሮማ ታሪክ ይህን መሰላል ያፈርሰዋል።

የቀለበት ጥሩር ሮማውያን ከኬልቶች የወሰዱት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ለበሱት፤ በምዕራብ ግዛታቸው እስኪወድቅ ድረስም አላወለቁትም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠራ ሲሆን ክብደቱ አሥር ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል። ታዲያ ሁሉም አይለብሰውም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደሚነግረን፣ ሀብቱ ከ10,000 ድራክማ በላይ የሆነ ወታደር የቀለበት ጥሩር ይለብሳል፤ የቀረው ግን በልቡ ላይ የስንዝር ያህል ስፋት ያለው የነሐስ ሰሌዳ አንግቦ ይወጣል። ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡት። በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ አለቃ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ከአንገቱ እስከ ጭኑ በብረት ተሸፍኗል፤ የሌላው ሆድ ግን መከላከያ የለውም። ልዩነቱ የአባት እርሻ ነው። በጌሙ ግን ወርቁን የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ ወታደሩ ኪስ የለውም። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን እንኳ ታሲተስ እንደጻፈው በ14 ዓ.ም. በፓኖንያ ያመፁት ወታደሮች ካቀረቧቸው ቅሬታዎች አንዱ ለልብሳቸው፣ ለመሣሪያቸውና ለድንኳናቸው ከደመወዛቸው ይከፍሉ የነበረ መሆኑ ነው። በተገኙ የራስ ቁሮች ላይ የሦስት ወይም የአራት ሰው ስም ተራ በተራ ተቀርጾ ይታያል። ዕቃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ከአንድ ወታደር ዕድሜ በላይ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

ስለ ቆዳው አጭር ነገር ብቻ ልበል፦ በፊልምና በጌም የምናየው የሌጌዎን የቆዳ ጥሩር ጠንካራ ማስረጃ የለውም።

አሁን ወደ ታዋቂው እንምጣ። የሮማ ወታደር ሲባል በሁላችንም አእምሮ የሚመጣው፣ ደረቱንና ወገቡን አግድም በተደራረቡ ጠፍጣፋ ብረቶች የሸፈነው ሰው ነው። ይህ የዝርግ ብረት ጥሩር እውነተኛ ነው፤ ማንም አልፈጠረውም። ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆነው ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊው በ2018 በጀርመን ካልክሪዘ በተባለ ቦታ ተቆፍሮ ወጥቷል። ቦታው በ9 ዓ.ም. ሦስት የሮማ የጦር ክፍሎች (እነሱም ሌጌዎን ይባላሉ) ካለቁበት ጦርነት ጋር የሚያያዝ ነው። ተመራማሪዎቹ ብረቱን ከአፈሩ ጋር እንደተጣበቀ በአንድ ላይ ቆርጠው አወጡትና በትልቅ የራጅ ማሽን አነሡት፤ በአፈሩ ውስጥ 30 ያህል ዝርግ ብረቶች ተጨመዳድደው ታዩ። ከሁሉም የሚያሳዝነው በለባሹ አንገትና እጆች ዙሪያ የተገኘው ነው፤ ባሮችና እስረኞች የሚታሠሩበት የብረት ማነቆ ነበረ። ሰውየው ጥሩሩን እንደለበሰ ተማርኮ፣ በማነቆ ታስሮ እንደሞተ ይገመታል። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም ጌም አላየሁም።

ዝርግ ብረቱ ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ታየ፤ ከሦስተኛው መቶ ዓመት በኋላ ዱካው ጠፋ ማለት ይቻላል። የቀለበት ጥሩሩ ቀድሞት ነበር፤ ዝርግ ብረቱ ከጠፋም በኋላ ቀጠለ። “ሮም፦ ቶታል ዋር” ጨዋታውን የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ቢፈጥን ዝርግ ብረቱን እስካሁን ከተገኘው የመጀመሪያ ስብርባሪ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ያለብሳል። ይህ የዘመን ስሕተት ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚከፋው “የተሻለ” መባሉ ነው። የተሻለ ከሆነ ለምን ተተወ?

መልሱን ከሚሰጡን አንዱ በ1964 በሰሜን እንግሊዝ ኮርብሪጅ ላይ የተገኘው ሣጥን ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የተቀበረ፣ በብረት የታሰረ የእንጨት ሣጥን ሲሆን ውስጡ የዝርግ ብረት ጥሩር ክፍሎች ነበሩ። ዛሬ በሙዚየምና በፊልም የምናየው ሞዴል ከእነሱ ጥናት የተገኘ ነው። ክፍሎቹን በቅርብ ስታዩ ግን የሚማርካችሁ ክብራቸው አይደለም፤ ጥገናቸው ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ በሌላ ቁራጭ ተመትቷል፤ ዘለበቱ ወልቆ በቦታው ሻካራ ምስማር ገብቷል። ይህ ጥሩር ከቀለበቱ ቀለል ይላል፤ የጦርና የሰይፍ ምትን በደንብ ይመልሳል። ነገር ግን ከስስ ናስ የተሠሩ ማጠፊያዎቹና ዘለበቶቹ ቶሎ ይሰበራሉ፤ በለባሹ ልክ መሠራትም አለበት። የቀለበት ጥሩር ሲቀደድ ማንኛውም ወታደር በጉጠት ጥቂት ቀለበት ይቀጥልበታል፤ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይገጥማል። ግዛቱ ሲናወጥ፣ ገንዘቡ ሲረክስ፣ ወርክሾፑ ሲርቅ የቱ እንደሚቀር ግልጽ ነው። ከዝርግ ብረት ወደ ቀለበት መመለስ ውድቀት አልነበረም፤ የሚያዋጣውን መምረጥ ነበር።

ታዲያ የልጆች መጽሐፍም፣ ፊልሙም፣ ጌሙም ይህን አንድ ምስል ከየት ቀዱት? ዋናው ምንጭ ሮማ ከተማ መካከል የቆመው የትራያን ዓምድ ነው። ንጉሠ ነገሥት ትራያን በ101 እና በ106 መካከል በዛሬዋ ሩማንያ ምድር ከዳኪያ ሰዎች ጋር ሁለት ጊዜ ተዋጋ። ለድሉ መታሰቢያ በ113 የተመረቀው ዓምድ ከ2,500 በላይ የሰው ምስሎች ተቀርጸውበታል። በዓምዱ ላይ ሌጌዎኑ ሁልጊዜ ዝርግ ብረት ለብሷል፤ ረዳት ጦሩ ደግሞ ከወገቡ በታች የሚወርድ ቀጭን ጥሩር ለብሷል። ማንም ሳይነግራችሁ ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ።

በዚያው ጦርነት ቦታ ላይ፣ ሩማንያ ውስጥ አዳምክሊሲ በተባለ መንደር፣ በ109 ሌላ የድል ሐውልት ተሠርቷል። የቅርጹ ጥራት ከሮማው ጋር አይወዳደርም፤ ጠራቢው እጁ ከባድ ነው። ግን እዚያ ያለው ሌጌዎን ሌላ ሰው ነው። የቀለበት ወይም የቅርፊት ጥሩር ለብሷል፤ ሰይፍ የሚይዝበት ክንዱ ከትከሻ እስከ አንጓ በተደራረበ ብረት ተጠቅልሏል። ያው ጦርነት፣ ያው ንጉሠ ነገሥት፣ የአራት ዓመት ልዩነት ብቻ! የሮማው ቀራጭ በሰላም ከተማ ተቀምጦ፣ ከታች አንገቱን አንጋጦ ለሚያይ ሕዝብ ይሠራ ነበር። የአዳምክሊሲው ግን ወታደሮቹ ካሉበት አገር ነው የሠራው።

የዳላሱ ጌም ሠሪ ችግርም የሮማው ቀራጭ ችግር ነው። በስክሪን ላይ ያለው ወታደር ከጥፍር አይበልጥም፤ ተጫዋቹ በአንድ እይታ ለይቶ ማዘዝ አለበት። ስለዚህ ለሌጌዎን አንድ መለያ ልብስ መምረጡን አልነቅፍም። በአገራችንም ሠዓሊዎቻችን ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። በጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን አስተውላችሁ ከሆነ፣ የሮማ ሠራዊት መኮንን የነበረው ሰማዕት እንደ አገራችን መኳንንት ለብሶ፣ ጫማ ሳያደርግ፣ እርካቡን በእግሩ አውራ ጣት ቆንጥጦ ይታያል። ይህ ያገራችን ፈረሰኛ አረጋገጥ ነው፤ በቅዱሱ ዘመን የሮማ ፈረሰኛ ጭራሽ እርካብ አልነበረውም። ሠዓሊው ግን የሠራዊት ዕቃ መዝገብ ልጻፍ አላለም፤ ምእመኑ ቅዱሱን አይቶ እንዲያውቀውና እንዲማጸነው ሣለ። ጌሙ ግን ታሪክ አስተምራለሁ ብሎ ይነሣል። ኤንሴምብል በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የታሪክ ማብራሪያ ገጾች አካቷል። አደራው የሚመጣው ከዚያ ነው።

እናም ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2015 ለሁለተኛው ክፍል በወጣው “ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ” ኢትዮጵያውያን ገቡ። ወታደሮቹ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ የዮዲት ታሪክ ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኗል። ልዩ ወታደራቸው ባለ ሾተል ነው፦ ምቱ ከባድ፣ መከላከያው ስስ፣ ለማሠልጠን ፈጣን። በ2023 ደግሞ “ሪተርን ኦፍ ሮም” ሮማውያንን ከነሌጌዎናቸው ወደዚያው ጌም አመጣቸው። ስለዚህ ዛሬ ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን ያለ ልጅ የኢትዮጵያን ሾተል በሮማ ሌጌዎን ላይ ማዝመት ይችላል።

በእውነት ቢገጥሙ ምን ይሆን ነበር? ለዚህ የሚቀርበን ማስረጃ ያው የዳኪያ ጦርነት ነው። የዳኪያ ተዋጊዎች ወደ ውስጥ የጎበጠ፣ ስለቱ በውስጥ በኩል የሆነ ረጅም መሣሪያ ይዘው ነበር፤ ከጋሻ በላይ ተሻግሮ ራስና ክንድ ይመታል። ሾተልም በጋሻ ጠርዝ ዞሮ እንዲገባ ነው የጎበጠው። ሮማውያን ለዚያ መሣሪያ ያዘጋጁት መልስ በአዳምክሊሲ ይታያል፤ ክንዳቸውን በብረት ጠቀለሉ። በተቆፈሩ የራስ ቁሮች ላይም አናቱን የሚያቋርጡ ሁለት ብረቶች በመስቀል ቅርጽ ተመትተዋል፤ አንዳንዶቹ በችኮላ እንደተሠሩ ያስታውቃሉ። መከላከያ የሚለወጠው እንዲህ ነው፦ ጠላት ያስገድዳል፣ ኪስ ይወስናል፣ ቀጥቃጩ እጁ ላይ ባለው ይሠራል። ይህን የሚያሳይ ጌም ቢሠራ ተጫዋቹ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ከማን ጋር እንደሚዋጋ ማሰብ ይኖርበት ነበር። ጨዋታውም ይሻሻል ነበር እንጂ አይከብድም ነበር።

የሾተሉ ወታደር ስስ መከላከያ ጉዳይም መታረም አለበት። የአገራችን ጦር ዋና መሣሪያው ጦርና ጋሻ ነበር፤ ሾተል የተመረጠው ለዓይን ልዩ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። በ16ኛው መቶ ዓመት የአሕመድ ኢብራሂምን ዘመቻ የዘገበው “ፉቱህ አል ሐበሻ” ደግሞ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን ደጋግሞ ያነሣል። ኢትዮጵያዊ ወታደር ሁሉ በጨርቅ ብቻ ወደ ጦር ሜዳ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ለሮማ ዝርግ ብረት የሰጡትን ትኩረት ያህል ለእኛ ጥሩር አልሰጡትም፤ ምክንያቱም በልጆች መጽሐፍ ውስጥ የለም። እኛም አልጻፍነውም።

ሮማና እኛ ጎረቤቶች እንደነበርንም አትርሱ። ከአዱሊስ ወደብ ባሻገር በቀይ ባሕር ባሉት የፈረሳን ደሴቶች፣ በ144 ዓ.ም. የሁለተኛው ትራያና ሌጌዎን ቡድን እዚያ ሰፍሮ እንደነበር የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ተገኝቷል። የአክሱም ነጋዴዎች የሌጌዎኑን ጥሩር በዓይናቸው የማየት ዕድል ነበራቸው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጌም መሥራት የሚማሩ ወይም ሊማሩ የሚያስቡ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ጊልድሆል ለዚሁ ሙያ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው፤ በቅርባችሁ ነው። አንድ ቀን የአክሱምን፣ የአምደ ጽዮንን ወይም የዓድዋን ጌም ትሠራላችሁ። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ያሉ ወታደሮችን አንድ ዓይነት አታልብሷቸው፤ ባለጠጋውና ድኻው ይለዩ። መከላከያን ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ደረጃ አታድርጉት፤ ዋጋና ጥገና ይኑረው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ የት እንደተገኘ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ የቱ እናንተ ለውበት የጨመራችሁት እንደሆነ በጌሙ ውስጥ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።